የሚጠብቅ ቃል

መጋቢት 12

ድንቡሼ፣

ደብዳቤሽን ከፍቼ «እርስዎ» የሚለውን ሳይ ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ከበስተኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው ያለ መስሎኝ ነው። ካልሲ ከተሰጣበት ወንበር በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ እባክሽ አንተ በይኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠፍቶ የከረመ ሰው ስድብ እንጂ አክብሮት አይጠብቅም።

ልጅሽ ልታገባ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ጽፌ ቃሉን ሁለት ጊዜ አየሁት። ልክ ነው፣ ይቆይ። ልጅ እንዳለሽ አውቅ ነበር፤ ግን በኔ ሐሳብ ውስጥ ሁልጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለምን ሦስት እንደሆነ አላውቅም። የባለቤትሽን ማረፍ የሰማሁት ካንቺው ደብዳቤ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ምን ተብሎ ይጻፋል? ያጽናሽ። አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፤ ጥሩ ሰው ይመስል ነበር፤ ያኔ ይህ አናዶኝ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ አሁንም ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ነኝ። ዜና ሳነብ የማትሰሚኝ ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ቢሮ ሥራ ስለተዛወርኩ ነው። ጠረጴዛ አለኝ፤ መስኮትም አለኝ፤ መስኮቱ ግድግዳ ያያል። ጤናዬ ደህና ነው። የምኖረው ከታናሽ እህቴና ከባሏ ጋር ነው። የስልካቸውን ቁጥር ከታች ጽፌዋለሁ፤ ባትደውዪ ግን እመርጣለሁ። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይሰማል። በደብዳቤ ይሻላል።

ልጅሽ ሠርጓ ላይ ሁለት ደቂቃ እንድናገርላት መፈለጓን ጽፈሻል። ይህ ያለበትን ገጽ አጥፌ ለብቻው አስቀመጥኩት። ስለ ንግግሩ ቆይቼ እጽፍልሻለሁ። መምጣቱን ግን እመጣለሁ። ፈቃድ ከሰጡኝ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እመጣለሁ መሰለኝ።

ጓደኛችን ሽቦ አሁንም ቀጭን ነው?

ያው ችኩሉ


መጋቢት 27

ችኩሉ፣

እሺ፣ አንተ። ያንን «እርስዎ» የጻፈችው ልጄ ናት። እኔ እየነገርኳት እሷ ስትጽፍ «እማዬ፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። ትልቅ ሰው! ያንተን ቀይ ሱሪ አላየች።

ሽቦ ያው ሽቦ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ትንሽ ቋጠሮ አውጥቷል። የሠርጉ መድረክ መሪ እሱ ነው። ማንም አልመረጠውም። «እኔ ካልመራሁት ሠርግ አይደለም፣ ስብሰባ ነው» ብሎ ራሱን ሾመ።

ሥራዬን አልጠየቅከኝም፣ ግን ልንገርህ። የሆስፒታል ልብስ ንጽህና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሰባት ሴቶች፣ ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያ፣ እንደታመመ በሬ የሚያቃስት አንድ የአንሶላ መተኮሻ። ከበሽተኞች ጋዋን ኪስ የሚወጣውን በአንድ ሣህን አጠራቅማለሁ፤ አርቲፊሻል ጥርስ፣ ቁልፍ፣ አንዴ የአተር ፍሬ በመሐረብ ተቋጥሮ። ሬዲዮኑ ከሳሙናው ጆንያ በላይ ነው። የጠዋቱን ዜና አንተ ስታነብ ማሽን የምናስነሳው አንብበህ ስትጨርስ ነበር። «ኃላፊያችን ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን አላት?» ይሉኛል ሴቶቹ። ምንም፣ እላለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት በፊት አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ ትሰማህ ነበር። ድምፅዋን አወፍራ «እንደምን አደራችሁ» ትለናለች፣ ጥርሷ ወልቆ። ንግግሩን ለምን እንደፈለገች አሁን ይገባሃል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚያነበው ልጅ ቃላቱን ይውጣቸዋል። ማሽኑን አሁን ሳንጠብቅ እናስነሳለን።

እኔም ልጠይቅህ። ያኔ ለጻፍክልኝ ሰባት ገጽ መልስ ልኬ ነበር፣ በሽቦ እጅ። በእጁ ሰጥቼዋለሁ ይላል፤ ዛሬም ይምላል። በማግስቱ ሄድክ። ቂም አይደለም። ሰው ልጁን ሲድር የራሱን ነገር ሁሉ አውጥቶ ያናፍሳል መሰለኝ፤ ይሄኛው ምን እንደሆነ ሳላውቀው እጄ ላይ ቀረ። ለምን ሄድክ?


ሚያዝያ 10

ድንቡሼ፣

ሽቦ አልዋሸም። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ሰጠኝ። ከደብተር የተቀደደች፣ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት። ሰባት ገጽ ጽፌ፣ አብረሽኝ ነይ ብዬ ለምኜ፣ አንድ ቃል መለስሽልኝ። ቃሉ «አትገባኝም» ነበር።

አላልቼ አነበብኩት። ምን እንደምትል አላውቅም፣ ሐሳብህን ልይዘው አልቻልኩም፣ በቃ። ሰባት ገጽ ሙሉ ራሴን ሳስረዳ ከርሜ! ሽቦ «ምን አለች?» አለኝ። «አልገባኋትም» አልኩት። «እኔንስ መቼ ገባኸኝ» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ የሬዲዮው ሥራ ወዳለበት ከተማ ተሳፈርኩ።

ከዚህ በታች ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዜና አንባቢ ወረቀቱ ሲደርሰው መጀመሪያ እርሳስ ያነሳል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ካላስቀመጠ ማይክሮፎኑ ፊት ይሰናከላል፤ የተመታው ሰው መቺ ሆኖ ያርፈዋል። ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ ቤታቸውን ጎርፍ ስለወሰደባቸው ሰዎች የሚያወራ ዜና መጣልኝ። «ካሳ ይገባቸዋል» ይላል። ይጠብቃል። «ገ» ላይ ነጥብ፣ «ባ» ላይ ነጥብ። እርሳሱ እዚያው ቀረ።

አትገባኝም። ጠብቆ። አንተን የማገኝ ሰው አይደለሁም። ትበዛብኛለህ።

አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በዚያ በኩል አላነበብኩትም ነበር። ቀይ መብራቱ በራ። ዜናውን አነበብኩ፤ ስለ ጎርፉ ያልኩትን አላስታውስም። ያኔ አግብተሽ ወልደሻል። ምን ላድርግ? ከስቱዲዮ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ጥያቄ ነው። የትኛው ነበር? ወረቀቷ አሁንም አለችኝ። ነጥብ የለባትም።

ስለ ንግግሩ ገና ነኝ፣ ይቅርታ። ለልጅሽ «ይመጣል» በያት። ከዚያ በላይ ቃል አትግቢላት።


ሚያዝያ 24

ችኩሉ፣

አላውቅም።

ይህን ጽፌ ሦስት ቀን ተውኩት፣ ሌላ የሚጻፍ ባገኝ ብዬ። አላገኘሁም።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ፣ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ቃሉን ለራሴ ማለት ጀመርኩ፤ አንዴ ጠብቆ፣ አንዴ ላልቶ። ድምፄን ከፍ አድርጌው ኖሯል። መተኮሻው ላይ ያለችው «ማናት እሷ የማትገባሽ? የልጅሽ አማት ናት?» አለችኝ። «ሰው አይደለም፣ ቃል ነው» አልኳት። «እኔ ደግሞ ሠርጉ ፈረሰ ብዬ! ቀሚሴን አሰፍቼ!» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ መጋዘን ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

የማስታውሰውን ልንገርህ። እርሳሱ ጫፉ የተነከሰ ነበር። ወረቀቱን ስቀድ ጥጉ ደብተሩ ላይ ቀረ። አክስቴ ከውጭ ትጣራለች። እጄ ይበርደኛል። እጄን አስታውሳለሁ፣ የጻፈችውን። የተናገረውን አፍ ግን የት ላግኘው? አልተናገርኩትማ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አልገባኸኝም ነበር፣ እውነት ነው። ትበዛብኛለህ ብዬም አስብ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ግን አንዱን ነው የጻፍኩት። አሁን ጠብቆ ነው ብልህ ያንተን ሠላሳ አንድ ዓመት ገደል መክተቴ ነው። ላልቶ ነው ብልህ ደግሞ፣ አንተን ለማጽናናት የተናገርኩት ይመስለኛል። ከሁለቱ የሚመቸኝን ልመርጥ እየቃጣኝ ነው፤ ይህ ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ታየኝ። ስትመጣ ከሰዉ ፈንጠር ብለን፣ በዚያ በዜና ድምፅህ ሁለቱንም በልልኝ። አንዴ ጠብቆ፣ አንዴ ላልቶ። ጆሮዬ ይለየዋል። ሃያ ምናምን ዓመት አንተን የሰማ ጆሮ ነው። ሁለት ደቂቃ ለልጄ፣ ሁለት ቃል ለኔ። ሌላ ምንም አልለምንህም። የሠርጉ ፕሮግራም ታትሟል፣ አንተም አለህበት፤ እንግዲህ እምቢ ብትል ለወረቀቱ ንገረው።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ። አትርሳ።


ግንቦት 3

ድንቡሼ፣

ይህ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መሆን ነበረበት።

ድምፅ የለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ከጉሮሮዬ እብጠት አወጡ። ክፉ ነበር፣ ከሥሩ አወጡት፣ ድምፄም አብሮት ሄደ። ሐኪሙ «ትንሽ ትንሽ ይመለስ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። የቀረኝ ትንፋሽ ነው። የማስታወሻ ደብተር ይዤ እዞራለሁ፤ የምለውን ጽፌ አሳያለሁ። የእህቴ ባል ዲዳውን ከደንቆሮው ስለማይለይ ጆሮዬ ላይ «ሻይ! ትፈልጋለህ! ወይ!» ብሎ ይጮኻል። ደግ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ከሱ ሌላ የሚጮህ የለም።

የቢሮ ሥራ ያልኩሽ፣ ለወጣቶቹ አንባቢዎች ነጥብ ማስቀመጥ ነው። ቃላቱን ይውጣል ያልሽው ልጅ፣ ነጥቦቹን የማስቀምጥለት እኔ ነኝ። አያያቸውም።

ለምን ደበቅኩሽ? ደብዳቤ ላይ ድምፅ ያለኝ እመስላለሁ። አንቺም ስታነቢኝ በዚያ ድምፅ እንደምታነቢኝ አውቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ እንኳ እየተናገርኩ ነው ብዬ ነው። ከዚያ ያንን ጠየቅሽኝ። በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ ያንን።

ይህን በሆስፒታሉ አድራሻ ልኬዋለሁ። ቤትሽ አሁን በሠርግ ሰው ተሞልቷል፣ ማንም ከፍቶ እንዳያነበው። ፖስታው ላይም ማዕረግሽን ብቻ ጽፌያለሁ። አደራ፣ ሽቦ ማይክ እንዳይሰጠኝ ንገሪው። ለልጅሽ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን ሰምተሽ መምጣቴን ካልፈለግሽ ጻፊልኝ፣ አልቀየምም። ካልጻፍሽ፣ ና ማለትሽ ነው ብዬ እመጣለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ።


ግንቦት 20

ይድረስ ለዜና አንባቢው፣

በደህና እንደገቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ ስላልሰጡኝ ይቀራሉ ብዬ ነበር። በመጡ ጊዜ ልጄ እንዴት እንደሆነች አይተዋል። ሽቦ «ጠዋት ጠዋት የቀሰቀሰን ድምፅ!» ብሎ ሲጠራዎ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ከኋላ ረድፍ ተነሱ፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥመው። ማይኩን ተቀበሉ። ዘፈኑ ቆመ። ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።  እኔን አዩኝ። ቆይተው አዩኝ። ከዚያ ማይኩን ከኬኩ አጠገብ አስቀምጠው ወጡ።

እስከ በሩ ድረስ ተከትዬ ጠራሁዎ። «ለልጄ ይቅር፣ እኔ ለአንድ ቃል አልበቃሁም?» አልኩዎ። እርስዎ ኪስዎን ይደባብሳሉ፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው። ሰው እየሰማ የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ። ኩሩ ብያለሁ። ያኔም ሰባት ገጽ ስለ ራሱ የጻፈ ሰው ነው ብያለሁ። የመጨረሻውንም ብያለሁ፣ ባይወለድ ይሻል የነበረ ሰው ያልኩትን። አልመልሰውም።

ልጄ «እማዬ፣ ምን አድርገነው ነው?» ትለኛለች። ወደ ባሏ ቤት ይዛው የሄደችው ጥያቄ ይህ ነው።

የጠየቅኩዎ ተሰርዟል። መልስ አያስፈልግም።


ግንቦት 21

ድንቡሼ፣

አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ ና ማለትሽ ነው ብዬ መጣሁ።

ሽቦ ሲጠራኝ አንቺን አየሁ። ከፊት ረድፍ ሆነሽ ታጨበጭቢ ነበር። እያወቅሽ። በሁለት ሳምንት ያልደረሰ ደብዳቤ መቼ ሊደርስ ነው። ምናልባት ለሽቦ አልነገረችው ይሆናል፣ አሁን ተነስታ ታስቆመዋለች ብዬ ማይኩን ይዤ ጠበቅኩሽ። አልተነሳሽም። ያኔ መቅጣትሽ ነው አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ላለ ሰው፣ ዝምታውን ሰው ፊት ማስያዝ። ይገባኛል። ይህችን ቃል ጠብቆም ላልቶም አንብቢያት፣ በሁለቱም በኩል ልክ ናት።

በሩ ላይ ደብተሬን ነበር የምፈልገው። ለሠርጉ ብዬ የገዛሁት ኮት ኪሱ ገና ከነስፌቱ ነው፣ አልተፈታም። ደብተሩ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። የማልናገር መሆኔን እያወቅሽ «አንድ ቃል» ስትዪኝ የምጽፍበት እንኳ አልነበረኝም።

የተናገርሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

ለልጅሽ ጋብቻዋ ይባረክ በይልኝ። ከዚህ በኋላ አልጽፍም።


ሰኔ 7

ችኩሉ፣

የቱን ቀድሜ እንደምጽፍ አላውቅም። 

የግንቦት ሦስቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ግንቦት 30 ነው። መዝገብ ቤቱ «ለልብስ ንጽህና ክፍል ኃላፊ» የሚለውን አይቶ የሥራ ደብዳቤ ነው ብሎ ከፈተው። የገቢ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው። ለሳሙናና ለአንሶላ የማይሆን ነገር ሲሆንባቸው ወደ አስተዳደር መሩት። አስተዳደሩ «ድምፅ የለኝም» የምትለዋን በቀይ አስምሮ ለጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ላከው። ሠርጉ ሲሆን እዚያ ነበር፣ ከኔ ክፍል ሁለት ፎቅ በላይ፣ ክሊፕ ተደርጎበት። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ይዛው መጣች። «እኅቴ፣ ይህ ታካሚ ቀጠሮው መቼ ነው?» አለችኝ።

ቆሜ አነበብኩት። ከኔ በፊት ስንት ሰው እንዳነበበው አልጠየቅኩም። በማግስቱ የግንቦት ሃያ አንዱ ደረሰኝ።

አላወቅኩም ነበር። እያወቅኩ አይደለም ያጨበጨብኩት። አልመልሰውም ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ልመልሰው ፈልጌ መመለሻው ጠፋኝ። ልጄ ስነግራት «ማይኩ ላይ ሲተነፍስ ተሰምቶኝ ነበር» አለች። ሽቦ ሦስት ቀን ቤቴ እየመጣ ይቀመጣል። «ቀልድ አለኝ ብዬ መጥቼ ረሳሁት» ይልና ይሄዳል።

አትደውዪ ብለኸኝ ነበር። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራና ተነሳ። አቤት የሚል የለም። «አንተ ነህ?» አልኩ። ምንም። ትንፋሽ መሰለኝ። መስመሩም ሊሆን ይችላል፣ ያፏጭ ነበር። ብዘጋው ደግሜ የምደፍር አልመሰለኝምና ተናገርኩ። በሩ ላይ ያልኩህን አንድ በአንድ እየጠራሁ መልሼ ወሰድኩ፤ የመጨረሻውንም። አለቀስኩ መሰለኝ። ከዚያ ያንን ቃል አልኩት። አስቤ አይደለም፤ ልለውም አላሰብኩም ነበር። አፌ ራሱ አለው። ሲወጣ ሰማሁት፣ ያኔ አወቅኩ። ነው፣ አልኩ። ይህ ነው የኔ።

ስልኩ ተዘጋ። ወይም ተቋረጠ። መልሼ ስደውል እህትህ አነሳች። ገና ከውጭ መግባቷ ነበር፤ ቤት ማን እንደነበረ አታውቅም። «ባለቤቴም ሊሆን ይችላል» አለችኝ፤ «ምሳውን እያኘከ ያነሳና ዝም ይላል።»

የትኛው እንደሆነ እዚህ ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር። ነጥብ ማስቀመጥ አስተምረኸኛል። ግን ነጥብ ታስቦ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ አስቤ ካስቀመጥኩት ያ የረቡዑ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ትናንት መጋዘን ገብቼ በአፌ ልደግመው ሞከርኩ። ጠብቆም አልኩት፣ ላልቶም አልኩት። ሁለቱም የሌላ ሰው ሆኑብኝ። አንዴ ነው የወጣው። የሰማው ካለ፣ ያ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ሌላ ምንም አትጻፍልኝ። አትቆጣኝ፣ ይቅርም አትበለኝ፤ እሱ ይቆይ። ይህችን ብቻ መልስልኝ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ነበርክ?